የአባቴን ቃል ፍለጋ ከውርጌሳ እስከ ሐራ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት እሑድ ጎሕ ሲቀድ ነው። የጉዞዬ ዓላማ አጭር ነበር፦ መርሳ ሄጄ አባቴ እኔን መዳሩን ሲናገር በስልኬ ቀርጬ መመለስ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኩዋላ ላምፑር ካለ አንድ አየር መንገድ ጋር በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ስላለኝ ረቡዕ ማታ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ። አባቴ የሚናገረው የአንድ ደቂቃ ንግግር ስለሆነ ጊዜው ይበቃል ብዬ አሰብኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ቱሪስቶችን በትንንሽ አውሮፕላን ወደ ላሊበላ በሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ረዳት አብራሪ ነበርኩ። ጦርነቱ ሲጀመር ቱሪስቱ ቀረ፣ ድርጅቱም ተዘጋ። ፋሪስ ማሌዥያዊ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ለጥገና መጥቶ ተዋወቅን፣ ቆይተንም ልንጋባ ተስማማን። እሱ አገር አየር መንገድ ሞልቷልና ሥራ አታጪም ብሎኝ ነበር። አየር መንገዱስ ሞልቷል። አንዱ መጀመሪያ የሥራ ፈቃድ አምጪ አለኝ። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ መጀመሪያ የሚቀጥርሽን አምጪ አለኝ። ሌላው አየር መንገድ የዜጋ ሚስት ከሆንሽ እናይልሻለን፣ ኒካሁ፣ የጋብቻ ውልሽ የታለ አለ። ኒካህ የሚያስሩት ሰዎች የአባትሽ ውክልና የታለ አሉ። አባቴ ያለው መርሳ ነው፤ መርሳ ደግሞ ጦርነቱ ካለፈበት ወዲህ ስልክ የለም። ፋሪስ ለምኖ ለምኖ፣ አባቴ በሁለት ምስክር ፊት ሲናገር የሚያሳይ ቪዲዮ እንዲቀበሉት አደረገ። እኔም ወደዚያ ለሚሄድ ነጋዴ "ለኒካሁ ጉዳይ እየመጣሁ ነው፣ አባቴ ከቤት እንዳይጠፋ" የሚል መልእክት ሰደድኩ። አሁን ሳስበው ጥፋቱን ሁሉ ያመጣው ይህ መልእክት ነው።

ደሴና ሐይቅ

እሑድ ማታ ደሴ አደርኩ። የሚኒባሱ ታሪፍ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ረዳቱን ለምን ብለው ነዳጅ የሚሸጠው በጥቁር ገበያ ነው አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሐይቅ ላይ ጎማ ስለፈነዳብን የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ በላን። ከዚያ ወዲያ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቃጠሉ መኪኖች በዝተው ይታያሉ። ከጎኔ የተቀመጠች ነጠላ የለበሰች ሴት እያንዳንዱን ባለፍን ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ውርጌሳ

ውርጌሳ ኬላ ላይ አስወረዱንና መታወቂያ ጠየቁን። የእኔን የተቀበለኝ ፂሙ የሸበተ ሚሊሻ ነው። አገላብጦ አየውና ሙያ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አብራሪ ይላል። ምንድን ነው የምታበሪው?"

"አሁን ምንም። በፊት ቱሪስት አመላልስ ነበር።"

አላመነኝም። አለቃውን ጠራ፣ አለቃውም ሌላ አለቃ ለመጥራት ሄደ። ሾፌሩ እንዲጠብቀኝ ብለምነውም እሷን ይዤ ስቆም ልውል ነው እንዴ ብሎ ተሳፋሪውን አስገባ። ከጎኔ የነበረችው ሴት ልትሳፈር ስትል ወደ እኔ ጠጋ አለች። ቁጣ የላትም፣ እንዲሁ ማወቅ የፈለገች ነው የምትመስለው።

"እዚያ ላይ ሆናችሁ ሰው ይታያችኋል?" አለችኝ።

እኔ የማበረው የጦር አውሮፕላን አይደለም ልላት አፌን ስከፍት ረዳቱ በሩን ዘጋው። ሚኒባሱ ሻንጣዬን ኬላው ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ጥያቄዋ ግን እኔው ጋ ቀረ። የሚታየኝን ላስረዳት የምችል ሰው ነበርኩ፤ ሳላስረዳት ቀረሁ።

ፀሐይ እስክትጠነክር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በዓለም ላይ የላክሁትን ማመልከቻ ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወስኩ ተናደድኩ። ኩዋላ ላምፑር ያሉት አብራሪ መሆንሽን አሳይን ይላሉ። እዚህ ደግሞ አብራሪ መሆኔ የተጻፈበት ካርድ መንገድ ላይ አስቀረኝ። በመጨረሻ ሽማግሌው ሚሊሻ ተመልሶ መጣና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የመርሳው የእንድሪስ ይመር ልጅ ነኝ አልኩት።

"የማንጎው እንድሪስ? ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትይም ነበር?" ብሎ መታወቂያዬን መለሰልኝና የእርዳታ ስንዴ በጫነ አይሱዙ ላይ አሳፈረኝ።

መርሳ

እናቴ ስታየኝ አንገቴን ይዛ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። የቤታችን በር ተገንጥሎ በቦታው ጆንያ ተሰቅሏል። ማንጎዎቹ ደኅና ናቸው፣ የእንስሳቱ በረት ግን ባዶ ነው። ከሰፈሩ አንድም ላም አልተረፈም አለችኝ። እዚህ የነበሩት ወታደሮች አርደው በልተዋል።

"አባስ?" አልኳት።

"ትናንት ወልድያ ሄዷል። ላንቺው ጉዳይ ነው።"

"የእኔ ጉዳይ እኮ እዚህ ነው! ከቤት እንዳይጠፋ ብዬ አልላክሁም?"

"ነጋዴው ልጃችሁ ልታገባ ስለሆነ እየመጣች ነው አለን እንጂ ሌላ ምንም አላለን። አብሽሪ፣ ማታ ይመጣል ኢንሻአላህ።"

አልመጣም። ማክሰኞ ጠዋት የተገኘው መኪና ላይ ተሳፍሬ እሱን ፍለጋ ወልድያ ሄድኩ።

ወልድያና ሐራ

ጋሽ ተፈሪ ወልድያ ውስጥ እህል የሚነግዱ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው። ሱቃቸው ተዘርፎ በባዶ መደርደሪያ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጓሮ ሦስት ሙዝ አምጥተው ካልበላሽ አንነጋገርም አሉኝ። እያጉረመረምኩ በላሁ። አባቴ እሳቸው ዘንድ ሁለት ሌሊት አድሮ ዛሬ በማለዳ ወደ ሐራ ገበያ መሄዱን ነገሩኝ።

"ሐራ ምን ሊያደርግ?"

"የሚታረድ ሊፈልግ ነዋ። ልጄ መጥታ ደጄ ላይ ደም ሳይፈስ አትዳርም ብሎ ነው የወጣው። እኔም በግ ባበድረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ምን አለኝ?"

ፀጉር ቤት ገብቼ ስልኬን በጄኔሬተር ቻርጅ እያስደረግኩ የቀረኝን ሰዓት ቆጠርኩ። አብራሪዎች ለመቀጠር በቅርቡ መብረራቸውን ማሳየት አለባቸው፤ እኔ ደግሞ ከበረርኩ ቆይቻለሁ። ያቺ ቃለ መጠይቅ ካመለጠች ሌላ የምትገኝ አይመስለኝም። አባቴ በዚህ ጊዜ የሚታረድ ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ሐራ ደረስኩ። ገበያው ሊበተን ተቃርቧል። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ልጃገረድ አባቴን በመልኩ ስነግራት አወቀችው፤ ከነጋዴ ጋር ለረጅም ጊዜ ተከራክሮ አንዲት ፍየል ገዝቶ በአቋራጭ በእግሩ ወደ ሲሪንቃ ሄዷል አለችኝ። እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ፣ እኔ ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልመጣልኝም። ስለመሸብኝ ወደ ወልድያ ተመልሼ ጋሽ ተፈሪ ቤት አደርኩ።

ሲሪንቃ

ረቡዕ ወደ መርሳ በሚሄድ መኪና ተሳፍሬ ረፋዱ ላይ ሲሪንቃ ስንደርስ አባቴን በመኪናው መስኮት አየሁት። እዚያ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል አጥር ጥግ ፍየሏን እየሳበ ይሄዳል፤ እሷም አልሄድም ትላለች። ወራጅ አለ ብዬ ጮህኩ።

ተሳሳምን። ከስቷል። ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኬን አወጣሁ።

"አባ፣ እባክዎን፣ አሁኑኑ እዚሁ ይናገሩልኝ። ሁለት ምስክር ከመንገዱ እለምናለሁ። ዛሬ ካልሄድኩ ሥራው ያመልጠኛል።"

ስልኩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ከዚያም እኔን አየኝ።

"ልጄን መንገድ ዳር ቆሜ አልድርም" አለኝ።

የነበርኩበት መኪና ሄደ። ቀጥሎ የመጣው ሾፌር ፍየል አልጭንም አለ፣ ከኋላው የመጣውም እንዲሁ። አባቴ ፍየሏን አልተውም ስላለ በእግራችን ጀመርን። እኔም አንድ ጊዜ አፌ ከተከፈተ አልዘጋ አለኝ። ፈቃድ አምጪ፣ ቀጣሪ አምጪ፣ ኒካህ አምጪ እያሉ እንዴት እንደሚያዞሩኝ ዘረዘርኩለት። ባገባም እንኳ የኢትዮጵያ የበረራ ፈቃዴ እዚያ ስለማይሠራ እንደገና መማርና መፈተን አለብኝ። ያ ደግሞ ውድ ስለሆነ ፋሪስን መጠየቅ አፍራለሁ። እዚያ ማንም እንደ አብራሪ አያየኝም፤ የሰው ሚስት ሆኜ ቤት እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ። አባቴ ፍየሏን እየሳበ ሰማኝ።

ከፊታችን እርሻ ላይ የነበሩ ሰዎች በድንገት ወደ ዛፍ ሮጡ። ከዚያ እኔም ሰማሁት። አባቴ ገመዱን ለቀቀና ክንዴን ይዞ ወደ መንገዱ ቦይ ጎተተኝ፤ በላዬም ተደፋ። በድምፁ አውቄዋለሁ፤ በጣም ከፍ ብሎ የሚያልፍ የጭነት አውሮፕላን ነው፣ ማንንም አይነካም። ልነግረው ፈለግኩ። ነገር ግን ልቡ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል፣ ከንፈሩም ዱዓ ያደርጋል። እስኪያልፍ ዝም ብዬ ተኛሁ።

ስንነሣ አቧራዬን አራገፈልኝ። "እናትሽ ድምፁን ስትሰማ አልጋ ሥር ነው የምትገባው" አለኝ። "አንቺ የምትነጂው ሲሆን ግን ትወጂዋለሽ አይደል?"

"በጣም እወደዋለሁ፣ አባ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ፍየሏን አሳደን ይዘን ጉዟችንን ቀጠልን።

እንደገና መርሳ

ማታ የመስጊዱ ሼህና አንድ ጎረቤት ምስክር ሆነው ተቀመጡ። ፍየሏ ታርዳ ሰፈሩ ተጠርቷል፤ ከጦርነቱ ወዲህ ሥጋ ያልቀመሰ ሁሉ መጥቷል። እኔም የሚያመልጠኝን ሰዓት እያሰብኩ ከሁሉም በላይ በላሁ። አባቴ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ በስልኩ ፊት ተቀመጠ፤ ልጄን ሐያትን ለፋሪስ እንዲድሩልኝ እዚያ ያሉትን ቃዲ ወክያለሁ አለ። አበቃ ብዬ ቀረጻውን ላቆም ስል እጁን አነሣ።

"ስለ መህሯ፣ ባሏ ስለሚሰጣት ጥሎሽ ልናገር። ወርቅ አንጠይቅም። እዚያ አገር የበረራ ፈቃዷን የምታወጣበትን፣ ትምህርቱንም ፈተናውንም፣ መህር አድርገህ ስጣት። ስጦታ አይደለም፣ ሐቋ ነው። ቤት ልትቀመጥ አልዳርኩልህም። ሰማኸኝ፣ ልጄ?"

"አባ፣ ቪዲዮ ነው እኮ፣ አይመልስም" አልኩት።

"ግድ የለም። ሲደርሰው ይመልሳል።"

ሼሁ ያልተለመደ ቢሆንም የተከለከለ አይደለም አሉ። እናቴ ለፋሪስ ብላ የደረቀ ማንጎ ቋጠረችልኝ።

ወደ አዲስ አበባ

ሐሙስ ኬላዎቹ ሁሉ ላይ ሰልፍ ነበር። ስልኬ ኔትወርክ ያገኘው ደሴ መግቢያ ላይ፣ የቃለ መጠይቁ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አየር መንገዱ ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ ነበር። የጦርነት አካባቢ ውስጥ ስለነበርኩ ነው ብዬ ጻፍኩላቸው። በትሕትና ማዘናቸውን ገልጸው ወደፊት እንዳመለክት መከሩኝ። ሚኒባስ ውስጥ እያለቀስኩ የማንንም ምክር አልፈልግም አልኩ።

አርብ ማታ አዲስ አበባ ቤቴ ገብቼ ቪዲዮውን ለፋሪስ ላክሁለትና አማርኛውን ተረጎምኩለት። ሁለት ጊዜ አየው። ከዚያም አዎ በያቸው አለኝ። መርሳ ስልክ ስለሌለ ያቺን አንዲት አዎ ለማድረስ እንደገና ነጋዴ መፈለግ ነበረብኝ። በዚህ ጊዜ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ከዚያ በኋላ እሱ አገር ሄጄ ተጋባን፣ ተማርኩ፣ ተፈተንኩ። የዜጋ ሚስት መሆኔም ብዙ በር አልከፈተልኝም፤ ከቁጥር በላይ እምቢ ተብያለሁ። ያ የመርሳ መንገድ አሁንም ሲታወሰኝ ያናድደኛል፤ ስልክ ቢኖር በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ነገር ግን በስልክ ቢሆን ኖሮ አባቴ የሚሰጠኝ የጠየቅሁትን ብቻ ነበር። የሚያስፈልገኝን ያወቀው ፍየል እየሳበ ያን ሁሉ መንገድ ንዴቴን ስለሰማ ነው። ሰዎች ዘንድ ፊርማና ፈቃድ ብቻ ልቀበል መሄድ የተውኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ደሴቶች የሚበር አንድ ትንሽ ድርጅት በመጨረሻ አስጠራኝ። ጠያቂው ፈቃዴን አገላብጦ አየና ወጪውን ማን ሸፈነልሽ፣ ሌላ ድርጅት ከሆነ የውል ግዴታ አለብሽ አለኝ።

"መህሬ ነው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ መቼ እንደምጀምር ብቻ ነው።