በስብሰባ መሀል የጮኸው ዶሮ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ በቡና ለቀማ ወቅት፣ ዲላ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። የማልረሳው በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ ስለማላውቅ ነው።

ታሪኩ እባላለሁ፤ ጸሐፊ ነኝ። ምሳዬን ከበላሁ በኋላ ወንበሬ ላይ ሸለብ የማድረግ ልማድ ነበረኝ። የስልኬ ድምፅ ስለተበላሸ በቢሮው ላፕቶፕ ላይ የማንቂያ ፕሮግራም ጫንኩ። ልክ ሰባት ተኩል ሲሆን እንደ አውራ ዶሮ ይጮሃል። በዚያ ሰዓት ሁሉም ምሳ ስለሚወጣ የሚሰማኝ ያለ አልመሰለኝም።

አንድ ቀን ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ አልከፈት አሉ። ከወርቃ ድረስ የመጡ ገበሬዎች ደብዳቤያቸውን ሊወስዱ በር ላይ ቆመዋል። አለቃችን ወይዘሮ ምህረት በቀጥታ ወደ እኔ መጡና ከውጭ ያመጣሁትን ነገር ጭኜበት እንደሆነ ጠየቁኝ። ምንም አልጫንኩም አልኳቸው። ከሥራ መባረሩን ፈርቼ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ እንደምተኛ መታወቁ ግን ይበልጥ አስፈራኝ።

ዞር እንዳሉ ፕሮግራሙን አጠፋሁት። የተሰረዘ ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም አራገፍኩ። ከዚያ እፎይ አልኩ።

ሊዲያ የምትባል ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ወይዘሮ ምህረት ምሳችንን አስቀርተው ሁላችንንም ሰበሰቡን። ላፕቶፑ ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠ። አንድ በአንድ ሲጠይቁን ተራዬ ደረሰና ለሁለተኛ ጊዜ ካድኩ።

ሊዲያ ጥቂት ስትነካካ ቆይታ ቀና አለችና፣ «ወንድሜ፣ የምትሠራበት አንተ ነህ። እውነት ምንም አልጫንክም?» አለችኝ።

«ምንም። እኔ የማላውቀውን ነገር አልነካም» አልኳት።

አፌን ሳልገጥም ላፕቶፑ «ኩኩሉ!» አለ።

ዶሮው ደገመ። አጠገቤ የተቀመጡት የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ሽፈራው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በጣም በእርጋታ፣ «ታሪኩ፣ ሦስተኛህ እኮ ነው» አሉኝ።

ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው ነው እንጂ ቤቱ በሙሉ ሰምቷል። ወይዘሮ ምህረት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። እኔ ደግሞ ደንግጬ፣ «አጥፍቼው ነበር እኮ!» ብዬ ራሴን አጋለጥኩ።

ሊዲያ ፈልጋ አገኘችው። ፕሮግራሙ ወጥቷል፤ ሰዓቱን የሚጠብቀው ትእዛዝና የዶሮው ድምፅ ግን እዚያው ቀርተዋል። «ተከራዩ ለቋል፣ ዕቃውን ግን አላወጣም» አለች። ደብዳቤዎቹን ያበላሸው የእኔ ዶሮ ሳይሆን መዝሙር ስንቀባበልበት በነበረው ፍላሽ የገባ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ከተቀባበሉት አንዷ ወይዘሮ ምህረት ስለነበሩ ምርመራው እዚያ ላይ ቆመ። ሊዲያ ደብዳቤዎቹን መለሰችልን፤ ገበሬዎቹም ሳይመሽባቸው ተሸኙ።

ማታ ከመውጣቴ በፊት ይቅርታ ልጠይቅ ወይዘሮ ምህረት ቢሮ ገባሁ። ዶሮው ለምን እንደሆነ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እንደምተኛ፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

ከሚፈርሙት ወረቀት ላይ ቀና እንኳ አላሉም። «መተኛትህንማ ዓመት ሙሉ እናውቃለን» አሉኝ። «መስኮትህ ክፍት ነው፤ ግቢ ውስጥ ምሳ ስንበላ ስታንኮራፋ እንሰማለን። ዶሮው ግን የጎረቤት መስሎን ነበር።»

ያን ሁሉ ውሸት ያወራሁት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ለመደበቅ ነበር። ሳስበው እስካሁን ጆሮዬ ይግላል፤ ሳቄም ይመጣል። አሁን በግልጽ ነው የምተኛው። ሰባት ተኩል ሲሆን ጋሽ ሽፈራው በሬን ያንኳኩልኛል።