ዋዋውም ይጠጣ

ኤውሎጂዮ ቲኮና ጸጉሩ እስኪሸብት የማዕድን ቆፋሪዎችን ሳንባና የሰካራሞችን ስብራት በራጅ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። አንድ አምሮት ነበረበት፦ ማዕረግ። በሚኖርባት በዋይራፓምፓ ከተማ ጥርስ የሚነቅለው ዶክተር፣ ቧንቧ የሚጠግነው ኢንጂነር፣ ሌላ ምንም መሆን ያቃተው ደግሞ ሊሴንሲያዶ፣ ባለዲግሪ እንደማለት፣ ነው። ኤውሎጂዮን ግን ሰው ሁሉ «ዶን» ብቻ ብሎ ይጠራው ነበር። ዶን ደግሞ ለድንች ነጋዴም ይባላል።

ከንቲባው ለምርጫው ሲሉ ሲቲ ስካን በማርሽ ባንድ አሳጅበው ወደ ሆስፒታሉ ያስገቡ ለት፣ ዳይሬክተሩ ዶክተር ሬምበርቶ ሳንቲባኜስ ጠሩት። «ዶን ኤውሎጂዮ፣ የመሣሪያው የጥራት ኃላፊ እርስዎ ነዎት። ሥልጠናውን ይጨርሱና ሊሴንሲያዶ ብለን በሩ ላይ እናስጽፍልዎታለን» አሉት። ደስታው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳው። ስለ ጥራት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዳይሬክተሩም አያውቁም፤ የእሳቸው ስም ግን በር ላይ ከተጻፈ ቆይቷል።

ልታሠለጥነው ከላፓዝ የመጣችው ኢንጂነር ማይራ ኦብሊታስ ነበረች፤ ቀልድ የማይገባት ቀጭን ሴት። ኤውሎጂዮ የጨረርን ምሥጢር ትገልጥልኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ውሃ የተሞላ ድብልብል የፕላስቲክ ዕቃ አስታቀፈችው።

«በየጠዋቱ ከበሽተኛ በፊት የሚነሳው ይኼ ነው» አለችው።

«ይኼ ደግሞ ምኑን ታመመ?»

«ምንም። ውስጡ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። ይኼ መሣሪያ ለሁሉም ነገር ቁጥር ይሰጣል፤ ለውሃ የሚሰጠው ዜሮ ነው። ዜሮ ካለ እውነት እየተናገረ ነው። በአራት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ግድ የለም። ከዚያ ካለፈ ግን ሰው አያስተኙበትም፤ ይደውሉልኛል።»

ይኼን ለማስተማር ከላፓዝ ድረስ መምጣቷ አስቆጣው። ዕድሜ ልኩን የሰው አጥንት ያነሳ ሰው የውሃ ዕቃ አንሳ ተባለ! ሲሞክረው ግን ወገቡ ጎበጠ። አንዴ ዕቃው ከቀዩ የብርሃን መስመር ያፈነግጥበታል፤ አንዴ ውስጡ ባቄላ የምታህል የአየር አረፋ ትቀራለች፤ ሲሳካለት ደግሞ በምስሉ ላይ ክብ ጥላ መኖር አለመኖሩን ሳያይ ይነሳል። ኢንጂነሯ «እንደገና» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ሐቁን ለመናገር፣ በመጨረሻ በደንብ ተማረው። እንደውም ወደደው። በየጠዋቱ ዕቃውን ደረቱ ላይ ለጥፎ በኮሪደሩ ሲያልፍ ነርሶቹ «ዶን ኤውሎጂዮ፣ ዋዋው ጡት ጠባ?» እያሉ ይስቁበት ነበር። ዋዋ በእነሱ ቋንቋ ሕፃን ማለት ነው። ስሙም በዚያው ጸና።

ከካርኒቫል በፊት ባለው ዓርብ ሥራ ያለው ሁሉ የሥራ ዕቃውን ያጠጣል። ታክሲው፣ መጋዙ፣ የጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ሳይቀር ቢራ ይረጭበታል፣ ባለቀለም ወረቀት ይነሰነስበታል፤ አስቀድሞ ግን ለእናት ምድር፣ ለፓቻማማ፣ መሬት ላይ ጠብ ይደረጋል። ሳይጠጣ የቀረ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ያኮርፋል ይባላል። ያን ዓርብ ሆስፒታሉ በሙሉ ዳይሬክተሩን አስቀድሞ ሲቲ ስካን ክፍል ገባ። ኤውሎጂዮም እጁን ዘርግቶ በመሣሪያው ፊት ቆመ።

«ቀለበቱ ላይ አንዲት ጠብታ እንዳትደርስ! ቢራ ከደረቀበት ምስሉ ላይ ጥላ ይወጣል።»

«ይኼ ነው የጥራት ኃላፊ!» አሉ ዳይሬክተሩ፤ ሁሉም አጨበጨበለት፤ ቢራው በክፍሉ አራት ማዕዘን ብቻ ተረጨ። ከዚያ ተቀምጠው ጠጡ። ደግመው ጠጡ። ሞቅ ሲለው የኤውሎጂዮ ዓይን መደርደሪያው ላይ ወዳለው የውሃ ዕቃ ሄደ።

«ዋዋውስ? በየቀኑ ከእኔ ጋር የሚለፋው እሱ አይደለም እንዴ? እሱ ብቻ ጉሮሮው ደርቆ ይዋል?»

«ዋዋውም ይጠጣ!» አሉ ሁሉም።

ክዳኑን ፈታ፤ ውሃውን ቀነሰ፤ እሳት የመሰለ የሸንኮራ አረቄ ግማሽ ጠርሙስ ጨመረበት። አረፋ እንዳይቀር ዕቃውን እያዘነበለ በጥንቃቄ መታ መታ አደረገው። ሰክሮም ቢሆን ሥልጠናው አልጠፋውም።

ካርኒቫሉ አልፎ ሥራ ሲገባ ዋዋውን አስተኝቶ አነሳው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት አለ። ኤውሎጂዮ ወዲያው ገባው። ዳይሬክተሩ ግን ለእንግዶች መሣሪያውን ሊያሳዩ ከኋላው ቆመዋል፤ ቀለም ቀቢውም በሩ ላይ «ሊሴን» የሚለውን ጨርሶ የቀረውን እየጻፈ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «አረቄ» ማለት። አላለም።

«መሣሪያው ትንሽ ሳይታወክ አልቀረም» አለ።

ኢንጂነሯ ሳይነገራት የተጠራው የመሣሪያው አስመጪ ድርጅት ጠጋኝ ለካርኒቫሉ የሰይጣን ጭፈራ ኦሩሮ ከተማ ከርሞ ስለነበር በማግሥቱ ደረሰ፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ የሰይጣን ጭንብሉ ብልጭልጭ ከጆሮው ሥር ሳይታጠብ። ዋዋውን አላሸተተም፤ ቢያሸትም ከራሱ ትንፋሽ የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ብሎ መሣሪያውን በዋዋው ልክ አስተካከለው። ሰካራም ለሰካራም መሰከረና ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ተመልሰው የመጡት እንግዶች አጨበጨቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሪያው ሁሉን ነገር በአሥራ ስምንት ከፍ አድርጎ ይናገር ገባ። ስብ የወረረው ጉበት ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ አሁን ግን የጠጪ ጉበት ሁሉ የመነኩሴ ጉበት መስሎ ቁጭ አለ። መጀመሪያ የዳኑት ዳይሬክተሩ ናቸው። አምና ሐኪም ቢራ የከለከላቸው ሰውዬ ተነስተው «አላልኳችሁም!» ብለው አንድ ሣጥን አስከፈቱ። ወሬው ተሰማና ሹፌሩም፣ ቆፋሪውም፣ የፖሊስ አዛዡም ጉበቱን ሊያስመርቅ ተሰለፈ። ኤውሎጂዮ ውሃውን እንዳይለውጥ ጉዱ ሊወጣ ነው፤ እንዳይተወው ሕሊናው አላስተኛው አለ። በሩ ላይ ያለውን ስሙን ግን ጠዋት ጠዋት በእጅጌው ይወለውል ነበር።

በዚህ መሃል አበልጁ መጣች። ዶኛ ካሲልዳ ቾኬ የልጁ ክርስትና እናት ናት፤ ገበያ ውስጥ ከሐምራዊ በቆሎ ትኩስ አፒ አፍልታ ትሸጣለች። ጎኗን አሟት በመሣሪያው ተነስታ ነበር። ዳይሬክተሩ ምስሉን አይተው፣ ኩላሊቷ ላይ ያለው ክብ ነገር ሃያ አምስት ስላለ ውሃ አይደለም፣ ሥጋ ነው አሉ።

«ኩላሊቴን ሊያወጡት ነው፣ አበልጄ» አለችው። «ላፓዝ ላኩኝ። አንዱ ይበቃሻል አሉኝ። የአፒ ድስቴን ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት፤ ካልተመለስኩ ለልጅህ አንድ ነገር ይኑራት ብዬ ይኼን የጆሮ ጌጥ አመጣሁ።»

ጌጡን እጁ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ምስሉን ከፍቶ አየው። ዳር ዳሩ ልስልስ ያለ፣ እንደ ወይን ፍሬ ድቡልቡል ነው። ከሃያ አምስት ላይ አሥራ ስምንት ሲነሳ ሰባት ይቀራል። ውሃ ነው፤ ለማንም ክፉ ያላሰበ የውሃ ከረጢት። ኤውሎጂዮ ራሱን ጠላ። ስልኩን አንስቶ ላፓዝ ደወለ።

ኢንጂነር ማይራ መጣች። በአዲስ ዕቃ የተጣራ ውሃ አነሳች፤ አሥራ ስምንት አለ። ከዚያ የዋዋውን ክዳን ፈትታ አፍንጫዋን አስጠጋች።

«ዶን ኤውሎጂዮ።»

«አቤት፣ ኢንጂነር።»

«ስንት ጠጣ?»

«ግማሽ ጠርሙስ።»

አልሳቀችም። «ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ተኛበት?» አለችው።  ዜሮ ማለት ምን እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው።

መሣሪያው ተስተካከለ። ካሲልዳ ዳግም ተነሳችና የውሃ ከረጢት መሆኑ ተረጋገጠ፤ ላፓዝም ኩላሊቱም በየቦታቸው ቀሩ። ኤውሎጂዮ ዳይሬክተሩ ፊት ቆሞ ሁሉን ተናዘዘ። እሳቸው የሰሙት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እና የእኔ ጉበት?»

«እንደገና ቢተኙበት ጥሩ ነው፣ ዶክተር» አለች ኢንጂነሯ።

ዶክተር ሳንቲባኜስ ያን ሳምንት በጣም ሥራ በዛባቸው። የቀሩት ሰዎች በኢንጂነሯ ግፊት ተጠርተው ሲነሱ ስባቸው ተመለሰ፤ አገሩም ደህናውን መሣሪያ ኤውሎጂዮ አበላሸው ብሎ ፈረደ። ከበሩ ላይ ማዕረጉ ተፋቀ። ለካሲልዳ ውጤቷን የነገሯት ዳይሬክተሩ ናቸው። «ሥጋ የነበረው ውሃ ሆኗል» ሲሏት «ድንግል ሆይ!» ብላ ተንበረከከች። ዶክተሩም ብልህ ናቸው፤ ተአምር ከሆነ ተጠያቂ የለም። «ሳይንስ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ» አሉና አብረዋት አማተቡ።

የምስጋናው ቅዳሴ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። ካሲልዳ ለሰው ሁሉ አፒ አፍልታለች፤ ዳይሬክተሩ ከፊት ወንበር ተሰይመዋል። ኤውሎጂዮ ጌጡን ሊመልስላት ከጧት ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምስ መጥቶ ከበሩ ሥር ቆሟል። ካሲልዳ አየችውና በሕዝቡ መሃል ጎትታ ወደ ፊት አወጣችው።

«ሁለቱንም ጊዜ ያነሳኝ አበልጄ ነው! ተናገር እስቲ፣ መጀመሪያ ምን ነበረ?»

ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን አፈጠጡበት። ኤውሎጂዮ ጌጡን ዘረጋላት።

«ከመጀመሪያውም ውሃ ነበረ፣ አበልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የመሣሪያው መለኪያ ውስጥ አረቄ የጨመርኩት እኔ ነኝ። በእኔ የተነሳ ደህናውን ኩላሊትሽን ሊያወጡት ነበር።»

 ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ከወንበር ወንበር እየተዛመተ ዳይሬክተሩ ጋ ደረሰ። ካሲልዳ ብቻ አልሳቀችም። እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ምነው አበልጄ፣» አለችው በሐዘኔታ፣ «ዛሬን እንኳ ሳትጠጣ ብትመጣ?»