ላጲስ የነካው አፍንጫ

የሰፈሩ ሰው ፎቶ አንሺውን «ላጲስ» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያርም ኖሯል። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሁሉ ብጉሩንም ጠባሳውንም እሱ ቤት ጥሎ ይወጣል። አንዳንዱ ፎቶውን ሲቀበል፣ የኔን ስጠኝ እንጂ የማንን መልከ መልካም ነው የሰጠኸኝ እያለ ይቀልድበታል። ላጲስ ማንም እስኪጠይቀው አይጠብቅም፤ እጁ ራሱ ይሄዳል።

ዛሬ ግን ሆስፒታል ውስጥ የሴት ልጁ አልጋ አጠገብ ቆሟል። በመኪና አደጋ የተሰበረው አፍንጫዋ ተጣሞ ስለገጠመ፣ ቀዶ ሕክምና ልትገባ ነው። ሐኪሙ ከአደጋው በፊት የነበረውን መልኳን ማየት ስለፈለገ፣ እናቷ የምረቃ ፎቶዋን ከሳሎን አውርዳ አምጥታለች። ሐኪሙ ፎቶውን መስኮቱ ላይ አቁሞ፣ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየ በሐምራዊ ብዕር አፍንጫዋ ላይ ምልክት ያደርጋል።

«ይሄማ በማስመሪያ የተሰመረ ነው» አለ እየተደነቀ።

«በአባቷ ወጥታ ቢሆን ጉዷ ነበር» አለች እናት። ልጅቷ ሳቅ ስትል አመማትና ተወችው።

አባት አልሳቀም። ያ አፍንጫ የልጁ አይደለም። የእሷ መሃሉ ጎበጥ ያለ፣ ቁርጥ የእሱን የሚመስል ነበር። የምረቃዋ ዕለት ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሳያስበው ጉብታውን አጠፋው። ፎቶው አራት ዓመት ግድግዳ ላይ ሲኖር የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑ ለመደውና የድሮውን ረሳው።

ዝም ቢል ልጁ የሚያምር አፍንጫ ይዛ ትወጣለች፤ ማንም አያውቅም። ቢናገር ግን አባቷ መልኳን እንከን አግኝቶበት እንደነበር ታውቃለች። ነርሷ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ልትወስዳት የአልጋውን ፍሬን ለቀቀች። አልጋው ተንቀሳቀሰ። አባት ሄዶ ብረቱን ያዘ።

«ዶክተር፣ ይቆዩኝ። ፎቶው እውነተኛ አይደለም።»

ወለሉን እያየ ሁሉንም ተናገረ። ሐኪሙ ሌላ ፎቶ እንዳላት ጠየቀ። የቤቱን ሁሉ ያነሳው እሱ ነው፤ ሁሉንም ነክቷል። ስልኳ ላይ ያሉትንም ስልኩ ራሱ አሳምሯቸዋል።

«አባዬ፣ ምኔ ነው ያስጠላህ?»

«ምንሽም። እጄ ለምዶ ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሙ እንደ ፎቶው ቀጥ ያለ ይሁን ወይስ እንደ ድሮው፣ ምርጫው የሷ መሆኑን ነገራት።

«የኔን ታስታውሰዋለህ?» አለች ልጅቷ አባቷን፣ ሳትዞር።

«የት ጋ እንዳጠፋሁት አውቃለሁ።»

«እንግዲያው መልሰው።»

ሐኪሙ ብዕሩን አቀበለው። ላጲስ ፎቶውን ከፍሬሙ መስተዋት አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ጉብታውን ሥሎ ሰጣት።

ልጅቷ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ለአባቷ መለሰችለት።

«ጉብታው መነጽሬ የሚያርፍበት ጋ ነበር» አለች። «ትንሽ ወደ ላይ አድርገው።»