ቁራኛዬና የወይራው ወንበር

ባለእጁ እግር ብረቱን ሲያስገባልኝ የእኔን ቀኝ እግር ከአንድ ሽማግሌ ግራ እግር ጋር ነበር ያጋጠመው። ሰንሰለቱ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ቁርጭምጭሚቴን የሚሰብረው እየመሰለኝ ዓይኔን ስጨፍን፣ ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው የባለእጁን እጅ ያዩ ነበር። «ቀስ በል ልጄ፣ አጣመምኸው እኮ» አሉት። የሚታሰርበትን ብረት አሠራር የሚያርም ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ተገፋን። መስኮት የለውም፤ መሬቱ ላይ የከረመ ጭድ ተጎዝጉዟል፤ ቁንጫው ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ነው። ሁለታችንም ለመቀመጥ ስንሞክር አንዳችን ሌላውን ጎትተን ወደቅን። ሽማግሌው ሳቁ፤ እኔ ግን ማልቀስ ነበር ያማረኝ።

እኔ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ልማር ገብቼ፣ ሳልጨርስ ወጥቼ፣ ወገዳ ገበያ አጠገብ የሰው አቤቱታ እየጻፍሁ የምኖር ሰው ነበርሁ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። መሬት ሊለካ ነው የተባለ ጊዜ የስማዳ ገበሬዎች «ርስታችን በገመድ አይለካም» የሚል አቤቱታ አስጻፉኝ፤ ጻፍሁ። አቤቱታው የአገሩ ሹም ዘንድ ደረሰ፤ እኔም ተከትዬው ደረስሁ።

ሽማግሌው ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ያሉ የእስቴ ሰው ናቸው፤ እንጨት ሠሪ። መሬት ለኪዎቹ ችካል ይጥረቡልን ቢሏቸው «የሰው ርስት የሚወጋ እንጨት አልጠርብም» አሉ። ጥፋታቸው ይኸው ነው። የእኔን ሲሰሙ «አንተ በቀለም፣ እኔ በመጥረቢያ» አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ጸሐፊው» ይሉኝ ጀመር።

ቁራኛ ምን እንደሆነ ላልደረሰበት አይገባውም። አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል። አንዱ ሜዳ ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይጠብቃል። አንዱ በሕልሙ ቢራገጥ ሌላው ይነቃል። በሳምንቱ ሽማግሌው ከመናገራቸው በፊት ምን ሊሉ እንደሆነ ከእግራቸው አውቅ ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሹሙ ወደ ግቢው መጣ። ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አያቸውና «እንጨት ታጎብጣለህ አሉኝ» አላቸው። ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ግን አንተ አላቸው።

«እሞክራለሁ ጌታዬ።»

«ጀርባው ዞሮ የሚያቅፍ ወንበር ሥራልኝ። ለፋሲካ ካደረስህ ቤትህ ትገባለህ። የዚህንም ጸሐፊ ብረት አስፈታለታለሁ።»

ሹሙ ሲሄድ እኔ በደስታ ልሞት ነበር። ሽማግሌው ግን በጣታቸው ቀን ይቆጥሩ ጀመር። «ልጄን ለዳግማይ ትንሣኤ ነው የምድራት» አሉ። «አንዲት ናት። እናቷ የለች። ጉልበቴን ስማ መርቄ ልሸኛት ነበር።» ከዚያ በኋላ የወንበሩ ነገር ለእሳቸው ምን እንደሆነ ገባኝ።

ዘበኛው መጋዝ፣ መሮና መጥረቢያ አመጣልንና ጠመንጃውን ታቅፎ ተቀመጠ። ሽማግሌው መጀመሪያ ከአንድ የዋንዛ ግንድ መቀመጫውን ፈለፈሉ። እኔ ምን ልሥራ? ሰንሰለቱ አያርቀኝም፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ማየት ነው። እንዴት ያለ እጅ ነበራቸው! ጣቶቻቸው ወፍራም፣ ጥፍሮቻቸው የተሰነጣጠቁ ነበሩ፤ መሮውን ሲይዙት ግን ሕፃን ያቀፉ ያህል ነው። የጭን ማረፊያውን ጎድጎድ አድርገው በጠርሙስ ስባሪ ሲፍቁት ውለው፣ ማታ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ይዳስሱታል። «እዚህ ጋ ገና ነው» ይላሉ። እኔ ብዳስሰው ቅቤ ነው። በማግሥቱ እንደገና ይፍቁታል።

ከፊት በኩል ያለውን ጠርዝ ምን እናድርገው ሲሉ፣ ከተማሪነቴ ዘመን የማውቀውን፣ በብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ በከሰል ሣልሁላቸው። አዩትና «ለካስ እጅህ ከክስ ሌላም ያውቃል!» አሉኝ። ሐረጉን ቀረጹት፤ የእኔ ሥዕል እንጨት ውስጥ ገብቶ ሲበቅል አየሁት። ኩራቴን ልንገራችሁ? የጻፍሁት አቤቱታ ሁሉ ያን ያህል አላኮራኝም።

ለጀርባው ወይራ ፍለጋ ዘበኛው ወደ ተረተሩ ወሰደን። ሽማግሌው ለጋውን ወይራ አንድ በአንድ እየያዙ ጎንበስ ያደርጉና ይለቁታል። «ይህ ኩሩ ነው፤ ይሰበራል።» ያልፋሉ። «ይህ ደግሞ ለሁሉ እሺ ይላል፤ ነገ ይከዳል።» ያልፋሉ። ዘበኛው መረረውና «ሽማግሌው፣ ሙሽራ ነው እንዴ የሚመርጡት?» አላቸው።

«ሙሽራማ ካልተስማማች ትፈታለች» አሉት።

ያገኙትን ወይራ በእርጥብ የፈረስ ፋንድያ ጠቅልለው ረመጥ ውስጥ ቀበሩት። መሬት ላይ ችካሎች በግማሽ ክብ ተከሉ፤ «ለለኪዎቹ የከለከልሁትን ይኸው ለራሴ ጠረብሁ» እያሉ። ወይራው ሲወጣ ይጨሳል። የኑግ ዘይት ቀቡትና አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። «ክንድህን ሳይሆን ወገብህን ስጠው። ሲያቃስት ቁም። ሲተነፍስ ሂድ።» በችካሉ ዙሪያ አብረን ዞርን፤ ሰንሰለቱ ከኋላችን ይጎተታል። ያ እንደ ብረት የጠነከረ እንጨት እንደ ሰንበሌጥ እየተለመጠ ተከተለን። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ በረጠበ ጠፍር አሰሩት። ጠፍር ሲደርቅ እየጠበቀ ይሄዳል፤ እንጨቱን አይለቀውም።

«ስንት ቀን ይቆያል?» አልኋቸው።

«እስኪረሳ።»

«ምኑን?»

«ቀጥ ብሎ ማደጉን። ዘጠኝ አሥር ቀን ይፈጅበታል፤ ለቅዳም ሹር ይደርሳል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።»

እንግዲህ የእኔን ጉድ ስሙ። የሰሞነ ሕማማት ሰኞ ነው። ከጧት ጀምረን ስንሰግድ አርፍደናል፤ እኩል ካልወደቅንና እኩል ካልተነሣን ሰንሰለቱ ስለሚጎትተን አብረን ነው የምንሰግደው። ቀትር ላይ ሽማግሌው ደክሟቸው ግድግዳው ጥግ አንቀላፉ። እኔ ወይራውን አየሁት። ደርቋል። ጠፍሩም ድንጋይ ሆኗል። ቁርጭምጭሚቴ ቆስሎ ዝንብ ይዞታል። «ረስቷል እኮ» አልሁ ለራሴ። «ሽማግሌው ከጥንቃቄ ብዛት ነው። ፈትቼ ባሳያቸው ዛሬውኑ እንገጥመዋለን፤ ነገ እንፈታለን።» ድጓ ያላስጨረሰኝም ይኸው ጠባዬ ነው። የምንጠጣውን ውኃ ቋጠሮው ላይ አፈሰስሁ። ጠፍሩ ለሰለሰ፤ ጫፉን ሳብሁት።

ወይራው ከእጄ ፈንጥሮ ወጣና ጧ! አለ። ከውጭው ጎን ስንጥቅ ሮጦበታል።

ሽማግሌው ነቁ። እንጨቱን አዩ፤ የረጠበውን ጠፍር አዩ፤ እኔን አዩ። ቢጮሁብኝ በወደድሁ ነበር። በአውራ ጣታቸው ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትለው «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ የረጠበውን ጠፍር መጠቅለል ጀመሩ።

እኔ ነኝ ያላረፍሁት። «አባቴ፣ ስንጥቁ ቀጭን ነው። እንደገና በረመጥ እናለስልሰውና እናጉብጠው፤ ላዩን ጠፍር እንጠምጥምበት፤ ጌጥ ይመስላል። ቅዳሜ ይረከበን። ማን ያየዋል?»

«ሰው ይደገፍበታላ።»

«ይደገፋ! ያሰረን ሰው አይደለም? ቢወድቅስ ምን ቸገረን?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ጠላትም ጀርባ አለው፣ ጸሐፊው» አሉ። «እኔ የሰው ወገብ የሚሰብር ወንበር ሠርቼ ልጄን ልመርቅ?»

በማግሥቱ ሌላ ወይራ ቆረጥን። እንደገና ፋንድያ፣ እንደገና ረመጥ፣ እንደገና ዘይት። አንድም ነገር አላሳጠሩም።

ቅዳም ሹር ሹሙ መጣ። መቀመጫው አለ፤ እግሮቹ አሉ፤ ጀርባው ግን ችካል ላይ እንደታሰረ ነው። «ወንበሬስ?» አለ።

«የመጀመሪያው ተሰነጠቀ ጌታዬ።»

«ማን ሰነጠቀው?»

አፌን ስከፍት ሽማግሌው ሰንሰለቱን በእግራቸው ሳብ አደረጉት፤ ልወድቅ ደረስሁ። «በእኔ እጅ ያለ እንጨት ነው» አሉ። ሹሙ እግሩን ወደ በቅሎው እያዞረ፣ አገር ሊዞር እንደሚሄድና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰኞ እንደሚመለስ፣ እስከዚያ ማንም እንደማይፈታ ተናገረ። ፋሲካን በዚያው ጭድ ላይ ዋልን። ዘበኛው ከቤቱ ያመጣልንን ሥጋ እኔ መዋጥ አቃተኝ። ሽማግሌው «ብላ እንጂ፤ የአንተ አለመብላት ለልጄ ምን ያደርግላታል?» ብለው ቆጡኝ።

የዳግማይ ዋዜማ ቅዳሜ ጧት ወይራውን መታ መታ አደረጉና «ና ጸሐፊው፣ ፍታው» አሉኝ።

«እኔ?»

«ከመካከላችን መፍታት የለመደ አንተ አይደለህ?»

ፈታሁት። ጠፍሩ ወደቀ፤ ወይራው ግን ፍንክች አላለም። እንደተቃቀፈ ቀረ። በሽብልቅ ገጠሙት፤ አንድ ምስማር የለበትም። ከአንዱ ክንድ ተነሥቶ፣ ጀርባውን ዞሮ፣ በሌላው ክንድ የሚወርድ አንድ ወጥ ወይራ። ግቢው መካከል ሲቆም የሌላው ክፍል እስረኞች ሁሉ ለማየት ወጡ። አንዱ ቄስ እስረኛ ጣቱን አስጠግቶ ሳይነካው መለሰ። እኔ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ነገር አላየሁም።

እሑድ ረፋድ ላይ ከበር ውጭ ሆታ ተሰማ፤ ወዲያው ደግሞ ጸጥ አለ። ዘበኛው ሮጦ ገባ። «ሽማግሌው፣ ልጅዎ መጥታለች። ያለ አባቴ ምርቃት ሙሽራው ቤት አልገባም ብላ በቅሎውን ወደዚህ አዙራዋለች። እኔ አላየሁም፤ ቶሎ በሉ።»

ሽማግሌው ወንበሩ ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ሄድሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ? ዘበኛው ደነገጠ። «የሹሙ ወንበር እኮ ነው! ማን ይቀመጥበታል?»

«ጠጅ አሳላፊ ሳይቀምስ ለጌታው ይሰጣል?» አሉት። «ወንበርም ሠሪው ይቀምሰዋል።» ተቀመጡ። ወደ ኋላ በሙሉ ክብደታቸው ተደገፉ፤ ወይራው ትንሽ ለመጥ ብሎ ያዛቸው። እኔ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ልጅቱ ተሸፋፍና ገባች። ብረቱን እንዳታይ ብዬ ጋቢዬን አውልቄ በእግራችን ላይ ጣል አደረግሁት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጋቢውን አነሡና መለሱልኝ። «ተወው፣ ትየው» አሉ። «ሰርቄ አልታሰርሁም።»

ተንበርክካ ሁለቱን ጉልበቶቻቸውን ሳመች። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «ውለጂ ክበጂ፤ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» አሉ። ድምፃቸው ያን ጊዜ ብቻ ተሰበረ። ከዚያ ወደ እኔ አመለከቱ፤ «እሱንም ሳሚ፤ ቁራኛዬ ነው።»

እኔ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም፤ ጉልበቴ በሙሽራ የሚሳም አይደለም። ወደ እኔ ስትዞር አልቻልሁም። «እኔ ነኝ እኅቴ» አልኋት። «ጠፍሩን ያለጊዜው የፈታሁት እኔ ነኝ። አባትሽ ሰርግሽ ላይ ያልዋሉት በእኔ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከመሸፈኛው ውስጥ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። «እንግዲያማ ምርቃቱን አያሳንሱብኝ» አለችና ጉልበቴን ሳመች።

በማግሥቱ ሹሙ መጣ፤ ተቀመጠ፤ ተደገፈ። ሳያስበው ዓይኑን ጨፈነ። ስንት እንጨት እንደፈጀ፣ ስንት እጅ እንደደከመበት አልጠየቀም፤ «ሽማግሌውን ልቀቋቸው» ብቻ አለ። ባለእጁ ብረታችንን ፈታ። ሽማግሌው ያንኑ ዕለት ወደ እስቴ ሄዱ፤ እኔ ብረቴ ብቻ ተፈቶልኝ እስከ ክረምቱ መውጫ እዚያው ታስሬ ቆየሁ። ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም።

ዛሬ እኔም ሸምግያለሁ፤ ሁለት መንግሥት ሲወድቅ አይቻለሁ። ልጆች ድሬያለሁ፤ የጎረቤት ልጆችም ይመረቁልን እየተባሉ ይመጡልኛል። አንደበተ ርቱዕ ነህ ይሉኛል። ያን እሑድ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ፣ እጄን የዚያች ልጅ ራስ ላይ ጭኜ፣ ከስንት ዓመት ትምህርት አንዲት ቃል ጠፍታብኝ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብቻ ነበር ያልኋት። አሜን ብላኝ ሄደች።