ተራራ እወዳለሁ ያለው የላውንደሪ ሰው

ፒዮ ማንሆ በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜው የወጣው ትልቁ ከፍታ ከላውንደሪ ሱቁ በላይ ያለው የገዛ መኝታ ቤቱ ነበር። እሱንም ቢሆን መሃል ደረጃው ላይ ቆም ብሎ፣ የረሳውን ነገር የሚያስታውስ መስሎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ነው የሚጨርሰው። ኡልሳን ከተማ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ሲተኩስ ኖሯል። የሸሚዝ አንገትጌ አይቼ የባለቤቱን ጠባይ እናገራለሁ ብሎ ይመካል፤ ስንቴ እንደተሳሳተ ግን ደንበኞቹ ናቸው የሚያውቁት። ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ዳሶል ገና ፊደል ስትቆጥር ስለነበር፣ ልጅቱ ያደገችው በካውያ እንፋሎት መሃል ነው። ሱሪ ስትተኩስ መስመሩ ጣት ይቆርጣል፤ ሾርባ ስትሠራ ደግሞ የቀመሰው ሁሉ ውሃ ፍለጋ ይሮጣል። ማንሆ ሁለቱንም እኔ ነኝ ያስተማርኳት ይላል።

አሁን ዳሶል ልታገባ ነው። የሙሽራው አባት አቶ ኦክ ቴጉን ጡረታ የወጡ ምክትል ርእሰ መምህር ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸው እንከን የሌለው ሰው። ልጆቻቸው የተጋቡላቸው ሰዎች በዚያ አገር ሳዶን ይባባላሉ፤ ሳዶን ፊት ደግሞ ሰው ሲያኝክ እንኳ ተጠንቅቆ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ቤት በተገናኙ ዕለት፣ ዳሶል የሾርባውን ሳህን ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ገለበጠችው። ማንም ምንም አላለም። ማንሆን ያስፈራው ያ ዝምታ ነበር። ቢቆጡ ይሻለው ነበር፤ ዝም ሲሉ ግን “እናት ያላሳደገቻት” የምትለዋን ቃል ከግንባራቸው ላይ ያነበበ መሰለው። ልጁ ነገ እዚያ ቤት ገብታ፣ በእያንዳንዱ የተሰበረ ሳህን እንዲህ ዝም ሲሏት ታየው።

የሙሽራው እናት ነገሩን ለማለዘብ ብለው፣ “ሳዶን፣ በትርፍ ጊዜዎ ምን ያደርጋሉ?” ሲሉ ጠየቁት።

እውነተኛው መልስ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ቤዝቦል ሳይ እንቅልፍ ይወስደኛል የሚል ነበር። ግን ስድሳ ያለፈው ወንድ ይህን ሲጠየቅ በአገሩ የተለመደው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ማንሆም አስቦ ሳይሆን አፉ ራሱ አመጣለት።

“ተራራ መውጣት ነዋ” አለ። “ሳምንት አያልፈኝም።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አቶ ኦክ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት።

“እኔም አልፎ አልፎ እሞክራለሁ” አሉ። “እንግዲያው በረዶው ሳይቀድመን የሺንቡልሳን ተራራን ሸንተረር አብረን እንሂድ። ሰንበሌጡ ሳይረግፍ።”

ዳሶል በጠረጴዛው ስር የአባቷን ቁርጭምጭሚት መታችው። ዘግይታለች። ውጭ እንደወጡ ደግሞ፣ “አባዬ፣ አንተ ዳቦ ለመግዛት ታክሲ የምትይዝ ሰው፣ ተራራ?” አለችው።

“ታዲያ ምን ልበላቸው? ተኝቼ ነው የምውለው ልበል?”

“እሱን ብትል ማንም አይሞትም ነበር።”

እሱ ግን ተራራውን የተቀበለው ለኩራቱ ሲል ብቻ አልነበረም። ከሰውየው ጋር ብቻውን ቢሆን አንዲት ነገር ሊላቸው አስቦ ነበር፤ ልጄን አደራ፣ ሳህን ብትሰብር እኔን ስደቡ ሊል። ይህችን ንግግር ሳምንቱን ሙሉ ካውያው ላይ ሆኖ ተለማመዳት። ሁለት ሸሚዝ አቃጠለባት።

የኅዳር መጨረሻ ማለዳ ከተራራው ስር ሲገናኙ፣ ማንሆ ለሂማሊያ የተዘጋጀ ሰው መስሎ ነበር። ብርቱካንማ ጃኬት ለብሷል፤ ደንበኛ ለማጠቢያ ሰጥቶት ሳይወስደው የቀረ ጃኬት ነው፣ ባለቤቱ መንገድ ላይ እንዳያገኘው ሲጸልይ ነው የመጣው። በሁለት እጁ ሁለት ምርኩዝ፣ እግሩ ላይ ከሱቅ ከወጣ ገና መሬት ያልቀመሰ ጫማ። አቶ ኦክ ግን ያረጀ ሹራብና ተረከዙ የተበላ ጫማ ነበር ያደረጉት። ማንሆ አያቸውና አዘነላቸው። ምስኪን፣ አስተማሪ ነው እንጂ ተራራ የት ያውቃል፣ አለ በልቡ።

መንገዱ ገና ሳይጠና ማንሆ በጆሮው የገዛ ልቡን መስማት ጀመረ። የባሉጥ ቅጠል ረግፎ መንገዱን ሸፍኖታል፤ በረገጠው ቁጥር ያንሸራትተዋል። አደራ የምትለዋ ንግግር እንዳትጠፋው በልቡ ሲደጋግማት፣ ቀጥሎ የእስትንፋሱ ተራ ደረሰና ንግግሩን ትቶ እስትንፋሱን መሰብሰብ ያዘ። ሊቀመጥ ምንም ያልቀረው ሰዓት ላይ አቶ ኦክ ድንገት ቆሙ።

“ይቅርታ ሳዶን፣ የጫማዬ ክር ተፈታ።”

ማንሆ ምርኩዙ ላይ ተንጠለጠለ። “ኧረ ምንም አይደል፣ ቀስ ብለው ይሰሩት” አላቸው፣ ለጋስ ሰው ሆኖ። ጥቂት እንደሄዱ አቶ ኦክ ወፍ አዩ፤ ወፏን ለማየት ቆሙ። ከዚያ ጓንታቸውን አወለቁ፣ ቆይተው መልሰው አጠለቁ። ከዚያ ፎቶ። ከዚያ እንደገና የጫማ ክር። ማንሆ በእያንዳንዱ ማረፊያ ነፍሱ እየተመለሰች ሲሄድ፣ ከነፍሱ ጋር ትዕቢቱም ተመለሰች። ይኼ ሰውዬ ደክሟል፣ አለ። እኔ እኮ አልታወቀኝም እንጂ ጠንካራ ነኝ፤ ለካ ሸሚዝ መተኮስ ስፖርት ነው።

የሚወርዱ ሰዎች ወደ ላይ የሚወጣውን ባገኙ ቁጥር፣ “አይዟችሁ፣ ትንሽ ናት የቀረቻችሁ” ይላሉ። ተራራው ስርም ይህንኑ ነበር ያሉት፤ እዚያ አገር ተራራ ላይ የሚፈቀድ ውሸት ነው። ማንሆም ቃሏን ተቀብሎ ዐይኑን በጨው አጥቦ ወደ አቶ ኦክ ዞረና፣ “አይዞዎት ሳዶን፣ ትንሽ ናት የቀረችን። ከተቸገሩ ምርኩዝ ላውስዎት?” አላቸው።

“እግዜር ይስጥልኝ” አሉ አቶ ኦክ፤ አንዱን ምርኩዝም ተቀበሉት።

ካንዎልጄ ከሚባለው፣ በሁለት ጫፍ መሃል እንደ ኮርቻ ዝቅ ካለው መሬት ሲደርሱ ጫካው አለቀና ሰንበሌጡ ሜዳውን ሞልቶት ታየ፤ ነጭ ጭራውን ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ያስተኛዋል። ከድንጋይ ከተሠራችው መጠለያ አጠገብ ተቀምጠው ምሳ አወጡ። ዳሶል ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የጠቀለለችውን ኪምባፕ፣ በባሕር ቅጠል የሚጠቀለለውን ሩዝ፣ ማንሆ ሲከፍተው ልቡ ስንጥቅ አለ። ሩዙ ከባሕር ቅጠሉ ወጥቶ፣ ካሮቱ ለብቻው፣ እንቁላሉ ለብቻው፣ ከአደጋ የተረፈ መስሏል። ጨውም እንደ ልማዷ አልተቆጠበም። ያቺ የምግብ ቤቱ ዝምታ አሁን መጣች ብሎ አንገቱን ደፋ።

አቶ ኦክ ማንኪያ ከቦርሳቸው አወጡና በማንኪያ ይበሉት ጀመር። ታች ያለውን ሩዝ ሳይቀር ጠርገው ጨረሱት።

“ተራራ ላይ ሰው ጨው ያንሰዋል” አሉ። “ልጅትዋ አውቃለች።”

ይሳለቁብኛል ወይስ ምላሳቸው አይቀምስም? ማንሆ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ሲያመዛዝን፣ አደራውን ለማለት አፉን ከፈተ። አቶ ኦክ ግን ቦርሳቸውን አንግበው ተነስተው ነበር። ከፊታቸው የቀረው የእንጨት ደረጃ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚሄድ። ማንሆ ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ደረጃ እዚህ ድረስ ተከትሎት መጣ።

ሸንተረሩ ላይ እንዴት እንደወጣ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ደረጃው ላይ የአቶ ኦክ የጫማ ክር ስንት ጊዜ እንደተፈታ መቁጠር ማቆሙን ነው። ጫፉ ላይ፣ የተራራው ስም ከተቀረጸበት ድንጋይ ጋር ፎቶ ለመነሳት ሰዎች ተሰልፈዋል። ከሰልፉ መሃል ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ወፍራም ሴትዮ አቶ ኦክን ሲያዩ እጃቸውን አወዛወዙ።

“የተራራ መሪያችን! ምነው ዛሬ? ፀሐይ ከወጣች በኋላ እርስዎን እዚህ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ እኛ ስንወጣ እርስዎ ወርደው ጨርሰዋል።”

ማንሆ ያኔ የሰማው ነገር መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ገባው። የጫማው ክር፣ ወፏ፣ ጓንቱ ሁሉ እየተሰለፉ መጡበት። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከሸንተረሩ በየትኛው በኩል ቢገባ መሬት እንደምትውጠው ቃኘ፤ በሁለቱም በኩል ገደል ነው፣ አማራጭ አልጠፋም። ምርኩዝ ላውስዎት ብያቸዋለሁ፣ አለ በልቡ። የተራራ መሪን፣ እኔ፣ በሰው ጃኬት።

“ጉልበቴ አስቸገረኝ እኮ” አሉ አቶ ኦክ ለሴትዮዋ። “ዛሬስ ሳዶኔ ባይኖሩ ከመሃል መንገድ እመለስ ነበር። ይኸው ምርኩዛቸውን አውሰው ነው ያወጡኝ።”

ሴትዮዋ ብርቱካንማውን ጃኬት አዩ፣ ከጃኬቱ በላይ ያለውን ፊት አዩ፣ የሚንቀጠቀጠውን እግር አዩ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ለማንሆ እጅ ነሱ።

“ጎበዝ ሳዶን አግኝተዋል” አሉ።

ማንሆ ሰልፉን ትቶ ወደ ሸንተረሩ ጠርዝ ሄደ። ፊቱን የሚደብቅበት ቦታ ፈልጎ ነበር፤ ያገኘው ግን ተራራ በተራራ ላይ ነው። ቅርቡ ቡናማ፣ ከሱ ጀርባ ያለው ሰማያዊ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ፣ እየደበዘዘ እየደበዘዘ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል ኡልሳን ከነጭሷ አንድ ጭብጥ ሆና ተቀምጣለች፤ ከሷ ወዲያ ባሕሩ። ሱቁን ለማየት ሞከረና ራሱን ታዘበው። ዐይኑ እንባ ሞላ። በነፋሱ ላይ ሊያላክክ አሰበ፤ ግን ነፋሱ ከጀርባው ነበር የሚነፍሰው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስበው። እነዚህ ሰዎች ያን ዕለት ስለ ሾርባው ዝም ያሉት ንቀው አልነበረም። የሰው ገመና ሲያዩ የሚያደርጉት ይኼንን ነው። ልጁን የሚሰጠው ለዚህ ቤት ነው። ደረቱ ላይ ሳምንቱን ሙሉ የተጫነው ነገር ተነሳለት፤ ደስ አለው፣ በጣም ደስ አለው።

አቶ ኦክ መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ማንሆ ትንፋሹን ሰበሰበ። አደራው ከአፉ ጠፍቶ ሌላ ነገር ወጣ።

“ሳዶን፣ እኔ በሕይወቴ ተራራ ወጥቼ አላውቅም።”

አቶ ኦክ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

“ምን አሉኝ? ነፋሱ ነው፣ አይሰማኝም።”

ማንሆ ሊደግመው ሲል የሰውየውን ዐይን አየ። “ምንም” አለ። “አየሩ ደስ ይላል ነው ያልኩት።”

“እሱስ ነው። እንውረድ እንግዲህ፤ ጉልበቴ እንዳይብስብኝ ቀስ ይበሉልኝ።”

ሲወርዱ አቶ ኦክ ሊያነክሱ ሞከሩ። የማንከስ ችሎታ ግን አልነበራቸውም፤ አንዴ በቀኙ ያነክሳሉ፣ ረስተውት ደግሞ በግራው። ማንሆ ከኋላ ሆኖ ሁሉንም አየ። የሱ ሕመም እውነተኛ ስለሆነ በሁለቱም እያነከሰ ነበር የሚከተላቸው።

ታች አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እንደደረሱ የማንሆ ስልክ ጮኸ። አቶ ኦክ ከመንገዱ ማዶ ትኩስ የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ ለመግዛት ሄደው ነበር።

“አባዬ፣ በሕይወት አለህ?” አለች ዳሶል።

“እግሬ ሞቷል። ሌላው ደህና ነው።”

“ኪምባፑስ?”

“አለቀ።”

“አለቀ?” አለች ዳሶል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “እሳቸውስ አባዬ? ምን ዓይነት ሰው ናቸው?” ብላ ጠየቀችው። እሷም ስትፈራ መክረሟን ማንሆ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

አሻግሮ አያቸው። የፍሬ ከረጢታቸውን ይዘው መንገዱን በሁለት ጤነኛ እግር ፈጠን ፈጠን እያሉ ሲሻገሩ፣ ማንሆ እያያቸው መሆኑን አዩና ማንከስ ጀመሩ።

“ውሸታም ናቸው” አላት። “እንደሳቸው ያለ ውሸታም አይቼ አላውቅም። አትስጊ ልጄ፤ እዚያ ቤት ግቢ።”