ለሚስቴ ብዬ የገባሁበት ፓርቲ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቤት ተጋርቼ እኖር ነበር። በአንድ ሰሞን ነው ካናዳ የገባነው። ኢቶቢኮ አንድ መጋዘን ውስጥ ሳጥን እንጭናለን፣ የሁለታችንም ሚስቶች አዲስ አበባ ቀርተዋል። የመኖሪያ ወረቀት ካልወጣ ደግሞ ሚስት ማምጣት የለም።

ምርጫ ሲመጣ መንገዱ የተገለጠልኝ መሰለኝ። በቀበሌ ዘመን ያደግሁ ሰው፣ ማመልከቻ ያለ ፓርቲ በፖስታ ብቻ ያልቃል ብዬ እንዴት ልመን? ቅዳሜ ቅዳሜ ለተቃዋሚው ፓርቲ በየበሩ ወረቀት ማደል ጀመርኩ። ፋይሌን ያስተኙት ሥልጣን ላይ ያሉት ናቸው፣ የኛዎቹ ሲገቡ ያልቃል እያልኩ ለሚስቴ በስልክ አወራለሁ። ጓደኛዬ ለሽ ብሎ ይተኛል። ፓርቲዎቹን «አልሸሹም ዞር አሉ» ነበር የሚላቸው።

የኔ ፓርቲ አሸነፈ። የመኖሪያ ወረቀቱ የመጣው ግን ለተኛው ሰውዬ ነው። ፖስታውን ቀዶ «ላንድድ ሆንኩ እኮ፣ መኖሪያ ፈቀዱልኝ» ሲለኝ አቀፍኩት፤ በልቤ ግን ፖስታ ቤቱ ተሳስቶ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ለሚስቱ የገዛውን አልጋ እንኳ አብሬው ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ በሆዴ እረግመው ነበር።

ፓርቲው ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። አንዲት አሮጊት ሠራተኛ፣ ፋይል እዚያ እንደማይታይ፣ መዘግየቱም የቀድሞዎቹ ጥፋት እንደሆነ በትህትና አስረዱኝ። የቀድሞዎቹ ቢሮ ብሄድ ጥፋተኞቹ የአሁኖቹ ይሆኑ ነበር።

የጓደኛዬ ሚስት በገባች ሳምንት ለሚስቴ ደወልኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ያበላሹት የቀድሞዎቹ ናቸው አልኳት።

«ታዲያ የሱን ለምን አላበላሹበትም?» አለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ጓደኛዬ ቶሮንቶ ውስጥ የሚያውቀው ባለሥልጣን የለም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ማመልከቻውን ሞልቶ መተኛት ነው። ቅናቴ ግን አፌን ቀደመኝ።

«እሱማ ሰው አለው» አልኳት።



«አንተስ ያን ሁሉ በር ስታንኳኳ አንድ ሰው እንኳ አልያዝክም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስደውል ስልኩን የሚያነሱት እናቷ ሆኑ።