ከመርዶ የቀደመ መልእክት

ይህ የሆነው አምና፣ አረፋ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ብዙ ጥፋቴን ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። ያጠፋሁት ትክክል ሠራሁ ብዬ በኮራሁበት ሥራ ነውና።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ዐረብ አገር የሚሠሩ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ናቸው። እነሱ ከዚያ ሆነው በቻት ያዝዛሉ፤ እኛ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ለበዓል በጉን ለቤተሰቦቻቸው እናደርሳለን። ደንበኛው ሲበዛ ለእያንዳንዱ መጻፍ አቃተን። ያኔ ልጄ ሐናን ቴምፕሌት የሚባለውን አመጣች። አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚቀመጥ ጽሑፍ ነው፤ የስሙ ቦታ ክፍት ይተዋል። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት አይቶ ካጸደቀው፣ ማሽኑ ስም እየሞላ ለየሰዉ ይልካል።

ትምህርቴ የቆመው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን በራሴ አንብቤ ነው የተማርሁት። ስለዚህ ጽሑፎቹን እኔ ነበርሁ የማዘጋጀው፤ አንዲት ነጥብ ብትጓደል ሐናንን እቆጣ ነበር። የዒድ፣ የገና፣ የወሊድ፣ “ዕቃዎ ደርሷል” የሚል፣ ሁሉም ነበረን። በመጨረሻ የሐዘን ጨመርሁ።

ሐናን አልወደደችውም። “አባዬ፣ ይሄስ ይቅር። ለቅሶ በእግር ይደረሳል እንጂ በማሽን ይላካል እንዴ?”

“ዐረብ አገር በእግሬ ልሂድልሽ?” አልኋት። “ደንበኛ ሲያዝን ዝም ማለት ነውር ነው።”

“እሺ፤ አንቱ ካሉ።”

ሰዓት ሳይሞላ ከድርጅቱ “ጸድቋል” የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ ከደንበኛው ስም ጎን “ሐዘን” ብዬ የሟቹን ዝምድና ስሞላ፣ በማግስቱ ጠዋት መልእክቱ በራሱ ይሄዳል።

አንድ ማክሰኞ ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ሞቱ። ልጃቸው ሰዓዳ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ደንበኛዬ ናት። እኔ የቅሬያችን፣ ማለት የቀብርና የለቅሶ ማኅበራችን፣ ሰብሳቢ ነኝ። ከቀብር ስንመለስ ወንድሟ ሁሴን ጠጋ አለኝ።

“ጋሼ፣ ሰዓዳ አልሰማችም። ብቻዋን ናት። ጁምዓ ዕረፍቷ ነው፤ ያገራችን ልጆች ያኔ ተሰብስበው ይንገሯት።”

በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። የሚደግፍ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚረዳው። ሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ “እስከ ጁምዓ አንዲት ቃል ያወጣ ሰው በቅሬው ይቀጣል! በተለይ ስልክ የማይለቃችሁ!” አልሁ።

አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ፣ “ሰማህ ሰይድ? አንተን ነው። ከሬዲዮ ትብሳለህ” አለው። ሐዘን ላይ ባንሆን እንስቅ ነበር።

ሰይድ አፉን ጠበቀ። እኔ ግን ሱቄ ተመልሼ፣ ከቀብር በኋላ እንደማደርገው ሁሉ የሱቁ ስልክ ላይ ያለውን የደንበኞች መዝገብ ከፈትሁና ከሰዓዳ ስም ጎን “ሐዘን፣ እናት” ብዬ ሞላሁ። አፌ የተናገረውን እጄ አልሰማም።

ረቡዕ ጠዋት ሐናን ስልኩን ይዛ መጣች። ከሱቃችን የሄደውን መልእክት አሳየችኝ።

“ውድ ሰዓዳ፣ በእናትዎ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። ምንጊዜም ከጎንዎ ነን።”

ከሥሩ የሰዓዳ ድምፅ ነበር። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

“ጋሼ... ይሄ የሌላ ሰው ነው አይደል? እኔ እማዬን ባለፈው ጁምዓ አናግሬያታለሁ እኮ። ደህና ነበረች። ተሳስተን ነው በሉኝ፣ ጋሼ።”

ከዚያ ሥር ደግሞ፣ ሱቁ ሲዘጋ ለሚጽፍ ሁሉ እንዲሄድ ያዘጋጀሁት መልስ ወዲያው ሄዶላታል። “መልእክትዎ ደርሶናል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።”

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ያደረግሁት ሐናን ላይ መጮኽ ነበር። “ምን አደረግሽ?” አልኋት። እሷ መዝገቡን የሞላው ማን እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተችልኝ። የኔ ስም ነበር።

ወደ ለቅሶው ቤት ሄጄ ለሁሴን ነገርሁት። “ትናንት በአንቱ አፍ አይደል እንዴ የተባለው፣ ጋሼ?” አለኝና ስልኩን አንስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ደጋግሞ ደወለ፤ አታነሳም። ስታነሳ ጩኸቷ ከስልኩ አልፎ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ጋ ደረሰ። በኋላ እንደሰማሁት፣ እስከ ጁምዓ ድረስ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እየገባች ብቻዋን ነበር የምታለቅሰው። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ ጥፋቴን ተናገርሁ፤ ቅጡኝም አልሁ። ያው ሰይድ፣ “ይቀመጡ፣ ጋሼ። ቅጣቱን ይዘውት መጥተዋል” አለ።

የሐዘኑን ጽሑፍ አጥፍቼዋለሁ። ሌሎቹ ግን አሁንም ይሠራሉ፤ ሱቁ ያለ እነሱ አይሄድም። ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው። እውነትም ሰዓትና አጠገብ የሚቀመጥ ሰው እንደሚያስፈልጋት የገባኝ በስተርጅና፣ በሰው ልጅ ዕንባ ነው።

ሰዓዳ ዛሬም ለአባቷ ዕቃ ታዝዛለች። ስለዚያ ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። ያኔ የላከችው ድምፅ ስልኬ ላይ አለ። ልመልስላት ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት። “የሌላ ሰው ነው አይደል?” ብላ ለጠየቀችኝ፣ ከእኔ የደረሳት መልስ እስከ ዛሬ ያው ማሽኑ የላከላት ነው።